ቤት የሌለው ደፍ

የቻይና መናገሻ ቻንግአን በጠላት እጅ ወደቀች ብለው የሚጽፉ ሊቃውንት አሉ። አያፍሩም! ግንቧን የደረመሰ ጠላት የለም። «መናገሻው ወደ ሉዎያንግ ይዛወራል፤ ቤት ሁሉ ፈርሶ እንጨቱ በዌይ ወንዝ ይንሳፈፍ» ብሎ ያዘዘው የንጉሠ ነገሥቱ የገዛ ጦር አዛዥ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ግድም መናገሻ ሆና የኖረች ከተማ በገዛ ልጆቿ መዶሻ ሞተች።

የእኛን ቤት ሊያፈርስ የመጣው ወጣት አናጢ ዱዋን ይባላል። ገና ከበሩ ሲደርስ ጮህኩበት።

«የበሩን ደፍ አትርገጥ! እናቴ ሙሽራ ሆና ስትገባ እንኳ እግሯን አላስነካችውም።»

ደንግጦ እግሩን አነሳ። «ይቅርታ፣ እህቴ። ግን እኮ ላፈርሰው ነው የመጣሁት።»

«ማፍረስ ታዘህ ይሆናል። እንድትረግጠው ማን አዘዘህ?»

ሳቀ። የሚስቅ ሰው ካየሁ ወር አልፎኝ ነበርና ይበልጥ ተናደድኩ።

ሌሎቹ አፍራሾች በመጥረቢያ ይከሰክሱ ነበር። እሱ ግን የእንጨት ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ በየእንጨቱም ላይ ቦታውን በጥቁር ቀለም ጻፈ፦ «ምሥራቅ፣ ሁለተኛ»። የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት።

«ወንዙ ማንበብ ይችላል?» አልኩት መሰላሉን እንደያዝኩ።

«እኔ እችላለሁ። ሉዎያንግ ላይ እንጨቱን ከወንዙ ከሚያወጡት ጋር ነኝ። ቤታችሁን መልሼ አቆመዋለሁ።»

«ለማን ብለህ?»

ከላይ ሆኖ አየኝ። ጆሮው ቀላ።

አባቴ የሰሊጥ ቂጣውን እያኘከ፣ «ሩዪን፣ ልጁን እንዳትጥዪው፤ መሰላሉን እያነቃነቅሽ ነው» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ዱዋንን ከእንጨቱ ጋር በወንዝ ወሰዱት። እኛን በእግር ነዱን። መንገደኛው ሁሉ አዛዡን ይረግማል። እኔም ረገምኩ፤ በልቤ ግን «ምሥራቅ፣ ሁለተኛ» እላለሁ። ያንን የጻፈ እጅ ዳግም ባላይስ?

ሉዎያንግ ስንደርስ ወንዙ ዳር የእንጨት ተራራ ቆሟል። ዱዋንን ከሥሩ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

«ሁሉንም ለአዲሱ ቤተ መንግሥት ወሰዱት። ቃሌን በላሁ፣ ሩዪን።»

«ሁሉንም?»

ከገለባ ሥር አንድ እንጨት ጎትቶ አወጣ። ደፋችን!

«ለቤተ መንግሥት በር አጠረ ብለው ጣሉት።»

«አስቀምጠው።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ጭቃው ላይ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ቁም።»

እያመነታ አጋደመው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ።

«ቤት የለኝም እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ከቻንግአን ቤቱን ተሸክሞ የመጣ ማን አለ?»

አባቴ በምርኩዙ ተደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ።»

ቀሚሴን ሰበሰብኩ። እንደ እናቴ፣ ሳልነካው ተሻገርኩ።