ስህተት 47

መስከረም 2 ቀን ጠዋት አበባው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የመጋዘኑ ኃላፊ እሱ ነበር። በቀኝ እጁ ባዶ ጆንያ ጨብጧል፤ ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነው። በአዲስ ዓመት ማግስት መሞት ለማንም አይመችም። ባዶ ጆንያ ይዞ መሞት ግን ለቤተሰብም ይተርፋል። ቀኑ ሳይጋመስ «ሲሰርቅ ቀረ» የሚለው ወሬ ገበያውን አዳረሰው።

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ መጋዘኑ በሩ ተከፍቶ ሲናፈስ አርፍዷል። ያም ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አልለቀቀውም። የሟቹ ሚስት ወለተ ሚካኤል በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለቻት። «ሬሳው ከምርመራ ሲመለስ። እባክዎን፣ ሌባ እየተባለ አፈር አይልበስ። ልጄ ትምህርት ቤት በምን ዓይኗ ትገባለች?»

 ስለ ጆንያው እንደሰማች ሥራነሽም በልቧ ያንኑ ቃል ብላ ነበር፤ አሁን አፈረች።

አፍንጫዋን ሸፍና ገባች። የሽምብራው ጆንያ ክምር ሥር የነቀዝ ክኒን የተቀመጠባቸው ሳህኖች ተደርድረዋል። ይህ ክኒን አየር ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ሲጨርስ አመድ ይሆናል። ሳህኖቹ ላይ አመድም አለ፣ ገና ድቡልቡል ያለ ክኒንም አለ። ከዚያ ሟቹ የያዘውን ጆንያ ገልብጣ አየችው። አፉ ላይ በጥቁር ቀለም «ወልደ ሩፋኤል» ተብሎ ተጽፏል። በሩ ላይ ደግሞ ከኮምፒውተር የወጣ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የታሸገበት 30/12። የሚከፈትበት 2/1።»

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙሉሰው ተከትለዋት ቆመዋል።

«መርዙ ስንት ቀን ይፈልጋል?» አለቻቸው።

«ሰባት ቀን። ከነሐሴ 30 ወዲህ አምስቱን ጳጉሜንና ሁለቱን መስከረም ቢቆጥሩ ሰባት ይሞላል። ስለዚህ መርዙ አልቋል። ልቡ ይሆናል፣ ደንግጦ። የሚሰርቅ ሰው መቼም ይደነግጣል።»

«ሊሰርቅ መግባቱን በምን አወቁ?»

«ማን ግባ አለውና! ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ፣ ጆንያውን አይተሽዋል… አይተውታል።»

አንቺና እርስዎ የተቀላቀለበትን ሰው ሥራነሽ ትታዘባለች። ወደ ክኒን አስቀማጩ ወደ ታረቀኝ ሄደች።

«ክኒኑን መቼ አስቀመጥክ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።»

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። አንተን ነው የጠየቅሁት።»

«የተቀጠርኩት ለነሐሴ 30 ነው» አለ ታረቀኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«መቀጠርና መምጣት አንድ ነው?»

 ሥራነሽ ከዚያ በፊት የት ይሠራ እንደነበር ጠይቃ፣ ደጀን ድረስ ደውላ አጣራች። መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ቢሮ ገባች።

ጸሐፊዋ እድላዊት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለቅሶዋ ገና አልደረቀም። የአበባው ልጅ ጓደኛዋ ናት።

«ቀኑን ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ ተነሽልኝ።» ሥራነሽ ተቀመጠችና ማስታወሻዋን እያየች አንድ ቀን አስገባች። ቀይ ሳጥን ብቅ አለ፦ «ስህተት 47፦ ልክ ያልሆነ ግቤት።» ከሥሩ «እሺ» የሚል አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች። ሌላ ቀን ሞከረች፤ ሳጥኑ አልቀረም። «ይህ ምን ማለት ነው?»

«እንጃ። ሁሌ ይወጣል» አለች እድላዊት። «የሰው ስም ሲረዝም ይወጣል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይወጣል። እሺ ሲሉት ይሄዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… የሚቀበለውን እስኪያገኙ ሌላ መሞከር ነው።» ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በአበባው መሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ደብተር ነበር። ሥራነሽ ያለፈውን ዓመት መጨረሻ ገልጣ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ «ለችግር ይደውሉ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ደወለች። ፕሮግራሙን የሠራው ባምላኩ የሚባል የደብረ ማርቆስ ወጣት ነው።

«ነገ አራት ሰዓት ደምበጫ እንድትገኝ» አለችው።

በማግስቱ በአራት ሰዓት አምስቱም በዚያች ጠባብ ቢሮ ተሰበሰቡ። ወለተ ሚካኤል ወንበር ቢሰጧትም አልቀመጥም ብላ በሩን ተደግፋ ቆመች። የምርመራው ውጤት ደርሷል፤ አበባውን የገደለው ጋዙ ነው።

«ከጆንያው እንጀምር» አለች ሥራነሽ። «የሰው ስም የተጻፈበት ጆንያ ይዞ የሚሰርቅ ሌባ እኔ አላየሁም። ወልደ ሩፋኤልን ትናንት ማታ አገኘሁት። ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ነው፤ ያን ጠዋት ዘር ሊወስድ መጥቶ ውጭ እየጠበቀ ነበር። ሬሳውን መጀመሪያ ያየውም እሱ ነው። በአበባው ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተደወለ ነው። የማን ነው፣ አቶ ሙሉሰው?»

አቶ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የእኔ። ዘር አውጣላቸው ብዬው ነበር። በኋላ ሞተ ሲሉኝ… የላክሁት እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ሌባ አሉት።»

«አልኩት» አሉ።

«ቀጥሎ ክኒኑ። ሰባት ቀን ቢሞላው ኖሮ ሁሉም አመድ በሆነ ነበር። ታረቀኝ እስከ ጳጉሜን 2 ደጀን ነበር። ታዲያ ነሐሴ 30 እዚህ ማን አስቀመጠ?»

«ጳጉሜን 3 ነው ያስቀመጥኩት» አለ ታረቀኝ። «በሩፋኤል ቀን። ሰው ሁሉ ዝናቡን ጠበል ብሎ ሲጠመቅ እኔ መርዝ ስበትን ዋልኩ። ቀጠሮው አልፎብኝ ስለቸኮልኩ ነው። በበዓል መሥራቴን እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ወረቀቱ የሚለውን አልኩ። ለእድላዊት ግን ያን ቀን እውነቱን ነግሬያታለሁ።»

«ነግሮኛል» አለች እድላዊት። «3/13 ብዬ ጻፍኩ። ቀይ አለ። እንደገና ጻፍኩ፤ ቀይ አለ። ባለፈው ዓመት ጋሼ አበባው ለባምላኩ ሲደውል፣ በጳጉሜን ጊዜ ነሐሴ 30 በሉት መባሉን ሰምቼ ነበር። እሱን አስገባሁ።»

«ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ወር ብቻ እንዲቀበል ተሠርቷል» አለች ሥራነሽ። «ቀን መቁጠሩን ግን ያውቃል። ከነሐሴ 30 ሰባት ቀን ቆጥሮ መስከረም 2 ክፈቱ የሚል ወረቀት አወጣ። እውነተኛው መስከረም 5 ነበር። ክኒኑ ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።»

«አበባውስ ይህን አያውቅም?» አሉ አቶ ሙሉሰው።

«በጳጉሜን የት ነበር?» ብላ ሥራነሽ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«ዲማ። ጠበል» አለች ወለተ ሚካኤል። «ነሐሴ 30 ማለዳ ወጥቶ በመስከረም 1 ማታ ገባ።»

«ሲሄድ ቀጠሮው ለነሐሴ 30 መሆኑን ያውቃል። ሲመለስ ወረቀቱ ነሐሴ 30 ይላል። ምን ያጠራጥረዋል?» ሥራነሽ ደብተሩን ገለጠች። «በእጁ የጻፈው ነው፤ ያለፈው ዓመት። ‹ጳጉሜን 2። ኮምፒውተሩ ስህተት 47 አለ። ለባምላኩ ደወልኩ። ነሐሴ 30 በሉት አለኝ። የሚከፈትበት ቀን ይዛባል፣ ሰው ይጎዳል አልኩት። በሚቀጥለው አስተካክላለሁ አለ። በራሴ ቆጥሬ ዘግይቼ ከፈትኩ።›»

ሁሉም ወደ ባምላኩ ዞሩ። ልጁ ከገባ ጀምሮ ጫማውን ነበር የሚያየው።

«ረስቼው ነበር» አለ። «ሥራ በዝቶብኝ… በዓመት አምስት ቀን ናት ብዬ። አልዋሽም፣ ስልኩን ስዘጋ ስቄአለሁ። ሽማግሌዎች ኮምፒውተር አይገባቸውም ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።»

«አርባ አራት ዓመቱ ነበር» አለች ወለተ ሚካኤል።

 ባምላኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የእያንዳንዳችሁን ጥፋት ዐቃቤ ሕግ ይመዝነዋል» አለች ሥራነሽ። «እኔ የመጣሁት ሌባ ፍለጋ ነበር። የለም። ስለ ጆንያው ስሰማ እኔም ጠርጥሬዋለሁና ይቅር በይኝ፣ ወለተ ሚካኤል።»

ወለተ ሚካኤል ወደ ባምላኩ ቀረበች። «አሁን ጻፈው።»

«ምኑን?»

«ያን ጊዜ ቀዩ ሳጥን ላይ መጻፍ የነበረበትን።»

ባምላኩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሲጽፍ እድላዊት ጮክ ብላ አነበበች፦ «የገባው የወር ዋጋ ከተፈቀደው ወሰን ውጭ በመሆኑ ሂደቱ ተቋርጧል።»

«አልገባኝም» አለች ወለተ ሚካኤል።

አጠፋው። ትንሽ አሰበና እንደገና ጻፈ። እድላዊት አነበበች፦ «ይህ ፕሮግራም የጳጉሜን ቀን አይቀበልም። በምትኩ ሌላ ቀን አታስገቡ፤ መጋዘኑ ያለጊዜው ይከፈትና ሰው ይሞታል። ዘግታችሁ ደውሉልኝ።»

«ይኼ ገባኝ» አለች ወለተ ሚካኤል። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ባምላኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «አራት ደቂቃ» አለ፣ ከዚያም ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ያጽናናው ሰው የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሙሉ ነበር። አቶ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። «አበባው ሌባ አይደለም። የላክሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አሉ። የአበባው ልጅ ከእናቷ ጉያ ቀና አለች።

ቃሬዛውን ከቤት እስከ መቃብሩ ሰዎች እየተፈራረቁ ነበር የተሸከሙት። ከኋላ በግራ በኩል የያዘው ባምላኩ ግን ለማንም አልለቀቀም። ልቀበልህ ያለውም አልነበረም።