ላስቲኩን ማን ላጠው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሻይዬን ይዤ ቦታ የምቀይር ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ የማምነው የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ብቻ ነበር። የምሠራው ካዛንቺስ ነው፣ የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚከታተሉ ማሽኖችን ሰርኪት ቦርድ እንጠግናለን።

ያስቸገረን ወለሉ ነበር። በበጋ አየሩ ሲደርቅ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ የበር እጀታ ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው፣ ቦርዱን ግን ይገድለዋል። ጠግነን የላክነው ማሽን በማግስቱ ዝም ሲል፣ ሕፃኑን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ወለል ልንመርጥ፣ አንድ ርካሽ አንድ ውድ ናሙና አንጥፈን ለካን፣ ሁለቱም ፈተናውን ወደቁ።

"ውዱም ካልሠራ ምን ያደርግልናል? በቃ፣ ነገ ርካሹን አዛለሁ" አሉ አለቃዬ ጋሽ መስፍን።

ከሰዓት ብቻዬን ቀረሁ። ስንለካ አንድ ሰው በሽቦ ከመለኪያው ጋር የተያያዘ ብረት ጨብጦ ይራመዳል፣ ሌላው ሰውነቱ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በቁጥር ያነባል፣ ቁጥሩ ከወጣ ወለሉ አይረባም። ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አልያዘውም፣ ቁጥሩ ግን መውጣት ጀመረ። ከዚያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ በርካሹ ናሙና ላይ፣ ቁጥሩም በየእርምጃው ከፍ ይላል። መሳሪያው ተበላሽቶ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ድምፁ ወደ ውዱ ተሻገረና ቆም አለ፣ ጥርርር የሚል የላስቲክ መላጥ ተሰማ፣ ቁጥሩ ዜሮ ገባ።

ሄጄ ሳይ፣ ውዱ ናሙና ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ላስቲክ ጥጉ ላይ ተልጦ ታጥፏል። ለካ እኛ የሶፋና የሪሞት ላስቲክ እስኪቀደድ የማናነሳ ሰዎች፣ ወለሉን ከነልብሱ ነበር የለካነው። ብረቱን ሳነሳው ሞቋል፣ ሰው አሁን የለቀቀው ይመስላል። ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ ላስቲኩን ጨርሰን ልጠን፣ ጋሽ መስፍን ተራመዱ፣ እኔ አነበብኩ፣ ወለሉ ፈተናውን አለፈ።

"ላስቲክ እንዳለው እንዴት ታየሽ?" አሉኝ።

"ጥጉ ተነስቶ ነበር።"

"ማን አነሳው?"

የመለኪያውን ሽቦ መጠቅለል ጀመርኩ።

ውዱ ወለል ተነጠፈ፣ ቦርዶቹም ደህና ናቸው። መጀመሪያ ለሕፃናቱ ያዘነ አንድ ነገር ነው ብዬ ተጽናናሁ። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ሕንፃችን የቆመው የሰፈሩ ቤቶች ፈርሰው ነው፣ በነጠላ ጫማ እንደዚያ ሳይቸኩል የሚራመድ ሰው ደግሞ በገዛ ቤቱ ያለ ሰው ነው። የማን ሳሎን እንደነበር የምጠይቀው ጎረቤት እንኳ አልቀረም። እናም ጠዋት ጠዋት፣ ቁልፉ እጄ ላይ እያለ፣ አንኳኩቼ ነው የምገባው።