አባቴ ድልድዩ ላይ ነበር

ብርነሽ ክፍል ፊት ያደረገችው ንግግር የተበላሸው በሰባት ዓመት ልዩነት ነው።

ኢስታንቡል ላይ እስያንና አውሮፓን የሚያገናኘው የቦስፎረስ ድልድይ በ1966 ተከፈተ፣ በተከፈተ ቀንም አባቴ ድልድዩ ላይ ነበር አለች። ሲከፈት ከአሜሪካ ውጭ ካሉት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ እንደነበር፣ ከሥሩ መርከብ እንደማይጠፋ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ብቻ 1074 ሜትር እንዳለው፣ አሁን ደግሞ አጠገቡ ሁለተኛ እየተሠራ እንደሆነ ተናገረች። ያ ሁሉ ትክክል ነበር። ግን ማንም አልሰማትም። አጎቶቹ ኢስታንቡል የሚኖሩት አይሃን ከኋላ ወንበር ሳቁን ለቀቀው።

«በ66? ያኔ እኮ አንድ ብሎን እንኳ አልታሰረም! አባትሽ በዋና ነው የተሻገረው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሜኔር ዳለን ግን አልሳቀም፤ የባሰው ያ ነው። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ «በተከፈተ ቀን አባቴ ድልድዩ ላይ ነበር» ከሚለው መስመር ዳር «እውነት አይደለም» ብሎ ጻፈ። ከአሥር አራት ሰጣት።

«መሳሳት ያለ ነው፤ ታሪክ መፍጠር ግን ሌላ ነው» አለ። «ዓመቱን አስተካክይ፣ ያንን መስመር አውጪና ነገ አምጪው። ስድስት አደርግልሻለሁ።»

ስድስት ያስፈልጋታል። ያለችበት ክፍል «ብሩግክላስ» ይባላል፤ በሆላንድኛ የድልድይ ክፍል ማለት ነው። ማን ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚያደርሰው መስመር እንደሚሻገር፣ ማን እንደሚቀር የሚለየው እዚህ ነው። መምህራኑ ሐሙስ ይሰበሰባሉ፤ እሷም በዚህ ነጥብ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሻርሎይስ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ አባቷ ዓምደሚካኤል ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አዋረድከኝ! በ1966 ድልድዩ የለም!»

«እንዴት አይኖርም? ጥቅምት ሃያ፣ ስልሳ ስድስት። እዚያ ተማሪ ነበርኩ። በግፊያው የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶብኛል።»

«አይሃን በ1973 ነው ይላል!»

አባቷ ጫማውን እንደያዘ ቀረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠረ ነበር።

«ወይ ጉድ! በእኛ አቆጣጠር ነው የነገርኩሽ። ጥቅምት ላይ ሰባት ዓመት ይለያያል።»

«በእኛ? አሥር ዓመት እዚህ አገር ኖረህ?»

«የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በእነሱ እይዛለሁ። የኖርኩትን ግን በእኛ ነው የማስታውሰው።»

ወረቀቱን አንስቶ ቀዩን ጽሑፍ በዝግታ አነበበው። ከዚያ ደገመው።

«ሰርዢኝ» አለ በመጨረሻ። «ስድስትሽን ውሰጂ። እኔ ከወረቀት ላይ ብጠፋ ድልድዩ አይፈርስም።»

ከአይሃን ሳቅ ይልቅ ያቺ «ሰርዢኝ» አንገበገበቻት።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ክፍሉ ገባች። ሜኔር ዳለን ብቻውን ነበር። ስለ አቆጣጠሩ አስረዳችው።

«ኢትዮጵያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ናት ማለት ነው?» ፈገግ አለ። «ጥሩ፣ ዓመቱስ ይሁን። ለአባትሽ ነገር ግን ማረጋገጫ የለሽም። አውጪው።»

«ማሪካ በንግግር ተራዋ አያቷ በ1953ቱ ጎርፍ ጣሪያ ላይ እንዳደሩ ስትናገር ማረጋገጫ ጠየቋት?»

«ያ የታወቀ ነገር ነው።»

«ለማን?»

ሜኔር ዳለን ሰዓቱን አየ።

ብርነሽ ቀዩን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሳች። «1966» የሚለውን ሰርዛ «1973» ጻፈች። ቀጥላ «እውነት አይደለም» የሚለውን የእሱን ጽሑፍ ሰረዘች። የአባቷን መስመር አልነካችውም። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

«አራቱ ይሁን» አለች።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩንም ቀጭ እስኪል ዘጋችው።