ከእርከኑ ጥግ የተዘገነ አፈር

ልጅቷ የአባቷ ማሳ አፈር ያለበትን ጠርሙስ ለአራተኛ ጊዜ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ለሳይንስ ትምህርት ከጓደኛዋ ጋር ሆና የሦስት ቦታ አፈር ማወዳደር ነበረባት። የጫካው ጥቁር ነው፤ የግጦሹም ጥቁር ነው። የአባቷ ማሳ ደግሞ ጭራሽ ከሁለቱም ይጠቁራል። በየዓመቱ የሚታረስ ተዳፋት እንዴት ጫካን ይበልጣል? ነገሩ አልዋጥ አላት።

አባቷ ግን ፊቱ በርቷል። «አላልኩም? መሬቴ አልደከመም፤ ጎርፍም አልወሰደውም! እንግዲያው ከማሳው በላይ ያለውን ሣር ነገ በጠዋት እገለብጠዋለሁ።»

ያ ሣር ከታረሰ ክረምት ላይ ጎርፉን የሚይዝ አይኖርም። መቀመጥ አቃታት። እየሮጠች ጎረቤት ሄደች።

ሁሉን ነገር ቶሎ ስለምትጨርስ «ጥይት» የሚሏት ጓደኛዋ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«የማሳችንን አፈር የት ጋ ነው የዘገንሽው?»

«ማሳችሁ ላይ ነዋ!»

«ማሳው ላይ የት?»

ጥይት መቆንጠጫውን ከጥርሷ አወጣች። «ታች፣ እርከኑ ጥግ። ያንን ዳገት ማን ይወጣዋል ባክሽ?»

እርከኑ ጥግ! ዝናብ ከላይ አጥቦ የሚያወርደው ለም አፈር ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጥይት የዘገነችው ማሳው ያለውን አፈር ሳይሆን ያጣውን ነው።

«በናትሽ እንዳትናገሪ» አለች ጥይት። «መምህራችን ከሰሙ ሁለታችንም ዜሮ ነን። ደሞ አንቺስ? ‹በእጄ ዘገንኩ› ብለሽ ጽፈሽ የለ?»

እውነቷን ነው። ፈተና ላጥና ብላ ጓደኛዋን ብቻዋን ልካ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ራሷ እንደዘገነች አስፍራለች። አፈረች፤ ተናደደችም፤ በማን እንደተናደደች ግን አልለየላትም።

ቤት ስትመለስ አባቷ ደጅ ተቀምጦ የማረሻውን ጠፍር ያጠብቃል። ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁጭ በይ እንጂ!»

አልተቀመጠችም። ግድግዳ የተደገፈውን ዶማ አነሳች።

«አባዬ፣ ጠፍሩን ተወውና ማሳው አናት ላይ አብረን እንቆፍር።»

«አሁን? ለምን?»

«ያየኸው አፈር ከእርከኑ ጥግ የመጣ ነው። ዘገንኩ ብዬ ዋሸሁ እንጂ እኔ አልዘገንኩትም። ነገ ለመምህራችንም እነግራቸዋለሁ።»

የአባቷ እጅ ጠፍሩ ላይ ቆመ። ይቆጣ አይቆጣ ለማየት አልጠበቀችም፤ ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች።