ከምሳ ሰዓት በፊት የቆሙ ባጃጆች

ነገሩ የ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ስሜነሽ ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አጣች። እንጅባራ ላይ ከእናቷ ከውብአየሁ ጋር የምትሠራባት ምግብ ቤት ጠባብ ናት፤ ውስጧ ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አይገባም። ብርዱ ደግሞ አይጣል ነው። ሰው ፀሐይ ካገኘ ውጭ መብላት ስለሚወድ፣ እናትና ልጅ የሚኖሩት መንገድ ዳር በሚዘረጓቸው አምስት ጠረጴዛዎች ነበር። ያንኑ ቦታ የባጃጅ ማኅበሩ ለማቆሚያ ጠየቀ። ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ይወስናል ተባለ።

የባሰው ነገር ሌላ ነው። የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ ሽባባው ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ከእናቷ ተደብቃ የምትወደው ሽባባው።

«ቅዳሜ ከማን ጋር ልትቆም ነው?» አለችው፣ ሳህኑን እያነሳችለት።

ሽባባው እጁን እያበሰ መለሰላት። «ጓደኞቼ ናቸው፣ ስሜ። ግን ከቅዳሜ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። አትፍሪ።»

አትፍሪ ሲላት ይብስ ፈራች። ምን ሊያደርግ ነው?

ሐሙስ በጠዋቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ውዱ ናቸው።  ስሜነሽ፣ ሽባባው ቦታውን በሽምግልና ሊያስነጥቀን ላካቸው አለች በልቧ።

«እንደምን አደራችሁ?» አሉ ጋሽ ውዱ። «እንግዲህ ለልመና ነው የመጣነው…»

ውብአየሁ አላስጨረሰቻቸውም። ድሮም ስትፈራ ምላሷ ይቀድማታል። «የመጡበትን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። የምሰጠው የለኝም። ይሂዱልኝ።»

ሽማግሌ ከደጅ መመለስ በአገሩ ትልቅ ነውር ነው። ጋሽ ውዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ስሜነሽም ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ከዚያ ወዲያ ሽባባው ለምሳ አልመጣም። ስልክ አያነሳም። ዓርብ መንገድ ላይ ተያዩና ፊቱን አዞረባት። በቃ፣ ሸጠኝ አለች።

ቅዳሜ ሾፌሮቹ ባጃጆቻቸውን ደርድረው፣ ጋሽ ውዱም አብረዋቸው ቆመው ሲጠብቁ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ተራ አስከባሪውን ጠየቀው። «ቦታው የሚያስፈልጋችሁ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

ስሜነሽ የእናቷን ክንድ ጨበጠች።

«ጠዋትና ማታ» አለ ሽባባው፣ ወደ እሷ ሳያይ። «ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ግን የባሕር ዳርና የዳንግላ መንገደኛ ለመጫን ሁላችንም መናኸሪያ ነን። ቦታው ባዶውን ነው የሚውለው። በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ቢዘረጉ ማንን ይጎዳል?»

ሾፌሮቹ አጉረመረሙ። ዘመኑ የሚባለው ባልደረባው ብሽቅ አለ። «አንተ ሰው ምን ነካህ? ልጃቸውን ብታስጠይቅ ሽማግሌዎችህን ከደጅ ላባረሩ ሰዎች ትከራከራለህ?»

ስሜነሽ ጆሮዋን አላመነችም። «በሞትኩት፣ ለአንቺ ኖሯል የመጡት?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሰዓቱን መዝግቦ ተስማምቻለሁ ቢልም ስሜነሽ አልሰማችውም። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ በአደባባይ አትናገርም። ዝም ካለች ደግሞ ሽባባው ሊቀርባት ነው። እየፈራች ሄደችና ጋሽ ውዱ እግር ላይ ጎንበስ አለች።

«ለቦታው የመጡ መስሎን ነው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉን።»

አነሷት። «እኛማ የመጣንበትን ለመናገር እንኳ ፋታ አላገኘን። ልጁ አሁንም ይፈልግ እንደሆን እሱን ጠይቂ።»

ሽባባው መሬት መሬት ያያል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ቢላትስ?

«እናቴ እምቢ ያለችው ስለ ጠረጴዛው ነው» አለችው። «እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ እሺ ነበር የምለው። አሁንም እሺ ነው።»

ሽባባው ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔኮ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለ።

ውብአየሁ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «በል እንግዲህ፣ ቁጭ በልና ብላ፣ ልጄ» አለችው።