ደህና ነኝ እስኪሉ ድረስ

ይህን ቆሜ ነው የምጽፈው። በስልኬ። ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም፤ የደረሰብኝን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም።

ሥራዬ ሰው ቤት መሄድ ነበር። ጠያቂ የሌላቸውን አቅመ ደካሞችና ሕመምተኞች በየሳምንቱ እየዞርኩ አያለሁ። አርባ ሦስት ሰው ለእኔ ለአንዷ! አለቃችን ደግሞ ሰው ቢጎድል ግድ የለውም፤ ቅጽ ከጎደለ ግን ጣራ ይነካል።

ቅጹ ሁለት ነው። አንዱ ባለጉዳዩ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ በሚሰቀል ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ ይቀራል። ሌላው ቢሮ ይገባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው የለም።

ይህን አውቅ ነበር። ጥፋቴም ከዚህ ይጀምራል።

ከሰዎቼ አንዱ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደረጃው ወገቤን ይቆርጠዋል።

አንድ ማክሰኞ ቀረሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ "ጎበኘኋቸው። ደህና ናቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ማንም አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለውም ቀረሁ። ስድስት ሳምንት... እውነት እንዲመስል ደግሞ ማጣፈጥ ጀመርኩ። "የመስኮቱ እጀታ ስለተሰበረ በቀይ ገመድ አሰርኩላቸው።" "ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው።" ሁሉንም ከራሴ ነው ያወጣሁት። እንዲያውም በጽሑፌ እኮራ ነበር፤ አያሳፍርም?

በሰባተኛው ማክሰኞ አለቃዬ ጠራኝ።

"መምህሩ እንደ ሪፖርትሽ ከሆነ ከእኔ የተሻሉ ናቸው" አለ እየሳቀ። "ከዝርዝሩ እናውጣቸው። ነገ ፋይላቸውን እዘጋለሁ።"

ክው አልኩ።

ፋይሉ ከተዘጋ የእኚያን ሰው በር የሚያንኳኳ አይኖርም። ደግሞስ... በሕይወት አሉ? ስድስት ሳምንት ሙሉ ማን አያቸው?

እየሮጥኩ ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤታቸው ልብስ ታሰጣለች። አየችኝና ፈገግ አለች።

"ምነው እህቴ፣ የረሳሽው ነገር አለ?"

"ምን?"

"አሁን ወርደሽ አልነበር እንዴ? አንቺስ ጎበዝ ነሽ። አንድ ማክሰኞ እንኳ ቀርተሽ አታውቂም።"

ከሌላ ሰው ጋር አምታታችኝ ብዬ አለፍኩ።

የመምህሩ በር ገርበብ ብሏል።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ! ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ።

እጀታው በቀይ ገመድ ታስሯል።

ጣቶቻቸውን አየሁ። ጥፍራቸው አንድ በአንድ ተቆርጧል። እስከ ሥጋው ድረስ...

ማኅደሩን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ስድስት ቅጽ። ከመስመሩ ወደ ላይ የሚያዘነብለው የእኔው የእጅ ጽሑፍ። ቢሮ ተቀምጬ የፈጠርኩት ሁሉ፣ ቃል በቃል።

ሰባተኛም ነበር። የዛሬው። ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ።

"የመጨረሻ ጉብኝት። ደህና ናቸው።"

እኔ እኮ ይህን ገና አልጻፍኩም!

"አባባ..." አልኩ።

እጃቸውን ዘረጉ። የእኔን ጨብጠው ደባበሱት።

"ይሞቃል" አሉ በሹክሹክታ። "አንቺ ነሽ። ዋናዋ።"

"ማን ነው የሚመጣው አባባ?"

"ድምፅዋ ያንቺ ነው። አትቀመጥም። 'ደህና ነዎት?' ትለኝና ራስጌዬ ትቆማለች..."

"ከዚያስ?"

"ደህና ነኝ እስክል አትሄድም። አንድ ቀን አይደለሁም አልኳት። እስኪነጋ ቆማ አደረች ልጄ። ትንፋሽ እንኳ የላት።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንቺስ ለምን ቀረሽ? ምን በደልኩሽ?"

ምን ልበላቸው? ወገቤን አሞኝ ነው ይባላል?

ያኔ ከታች የጎረቤቷን ድምፅ ሰማሁ።

"እንዴ! አንቺ ደግሞ በየት በኩል ወረድሽ?"

እርምጃ ብቻ። ደረጃ የማያደክመው ሰው እርምጃ።

በሩን ቆለፍኩት። ተንኳኳ... ሦስት ጊዜ፣ ልክ እኔ እንደማንኳኳው።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?"

የራሴ ድምፅ ነው።

መምህሩ እጄን አጥብቀው ያዙት። "ደህና አይደለሁም" አሉኝ በቀስታ። "ለሷ አይደለም። ላንቺ ነው የምነግርሽ።"

እኔ ምን አደረግኩ? ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩና፣

"ደህና ነኝ በሏት፤ ትሂድልን" አልኳቸው።

እጄን ለቀቁት።

"ደህና ነኝ" አሉ ጮክ ብለው።

እርምጃው ወረደ። እኔም እመለሳለሁ ብያቸው ወጣሁ። ቢሮ ሄጄ ሁሉንም አንድ ሳልደብቅ ለአለቃዬ ተናገርኩ። እሱ ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ።

"ምን ነካሽ? አንቺው ፈርመሽ ዘግተሽው የለም እንዴ? በቃ ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ።"

በነጋታው ስሄድ ቤቱ ባዶ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሏል። ቀዩ ገመድ ብቻ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።

"ትናንት አመሻሹ ላይ እጃቸውን ይዘሽ የወሰድሻቸው አንቺው አይደለሽ?" አለች ጎረቤቷ። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። "ምነው ዛሬ እንዲህ ተጎሳቆልሽ? ትናንት አምሮብሽ አልነበር..."

ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። ያላመለከትኩበት ቦታ የለም። የትም ብሄድ የሚያሳዩኝ የራሴን ፊርማ ነው። ሥራውንም ለቀቅኩ። ስልክ የሚደውልልኝ የለም፣ እኔም ለማንም አልደውልም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ገብቼ በሬን ስዘጋ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ተመትቷል። ሰማያዊ ማኅደር ተንጠልጥሏል።

ውስጡ አንድ ቅጽ አለ።

"ጎበኘኋት። ብቻዋን ትኖራለች። ደህና ናት።"

ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።

ዳቦው አሁንም እጄ ላይ ነው። ፊቴን ወደ በሩ እንዳዞርኩ ነኝ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል... ሲተነፍስ ግን አይሰማም።

አንዴ ጠይቃኛለች።

እስካሁን አልመለስኩላትም።