ቀዩን የለበሰው ሌላ ልጅ ነው

ቀዩን ማሊያ የለበሰው ጋረት አልነበረም።

ብሪታ መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ከተመልካቾች መቀመጫ ተነስታ እስከ አጥሩ ወረደችና ጣቶቿን በሽቦው አስገብታ ደግማ አየች። በአሜሪካ ፉትቦል፣ በልምምድ ቀን ቀይ የሚለብሰው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው ብቻ ነው። ቀይ ማለት «ይህን ልጅ እንዳትነኩት» ማለት ነው፤ ቡድኑ የሚኖረው በእሱ ክንድ ስለሆነ በልምምድ ላይ ማንም አይጥለውም። ወንድሟ ጋረት ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ ያለ ቀይ አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን ቀዩን የለበሰው ገና ፂም ያላበቀለ ቀጭን አዲስ ተማሪ ነው። ዘጠኝ ቁጥር፣ የእነሱ ዘጠኝ ቁጥር፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ነጭ ለብሶ ከግዙፎቹ ልጆች መስመር ጫፍ ላይ አጎንብሷል።

ፊሽካ ተነፋ። ፊት ለፊቱ የነበረው ልጅ ጋረትን በትከሻው ገጭቶ በጀርባው ዘረረው። ብሪታ ሽቦውን ጨምድዳ ያዘች።

ለውሃ እረፍት ሲወጡ ጋረት አያትና ሄልሜቱን እያወለቀ ወደ አጥሩ መጣ። አገጩ ላይ ሣር ተለጥፏል።

«አንቺ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልምምዱ ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ነው ተባለ። ጋረት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ታይት ኤንድ ሆኛለሁ» አለ፤ እንደ ቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። «ግማሹን ጊዜ ሰው እገፋለሁ፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ ሌላው የወረወረውን እይዛለሁ። ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሚጡ። ልጁ ይበልጠኛል። አሰልጣኙም ‹ወይ ይህን ቦታ ተማር፣ ወይ የመጨረሻ ዓመትህን ቁጭ ብለህ ጨርስ› አለኝ።»

«መቼ?»

«ሰነባበተ።»

«ትናንት እኮ ለአባዬ በስልክ ‹ክንዴ እሳት ሆኗል› ስትለው ሰምቼሃለሁ!»

«ታዲያ ምን ልበለው? አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪው ነበር?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከቅዳሜው የዓመቱ መክፈቻ ጨዋታ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ። በሞቴ፣ እስከዚያ እንዳትተነፍሺ።»

«እሺ» አለች።

እሱ ወደ ሜዳው እየሮጠ ሳለ ስልኳ ነዘረ። አባቷ ነው። «ስንዴውን አራግፌያለሁ። እየደረስኩ ነው፣ ቦታ ያዢልኝ።»

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። አባታቸው ሎረን፣ ጋረት ገና የጫማውን ክር ማሰር ሳይችል ኳስ መወርወር ያስተማረው ሰው ነው። ደግ ነው፤ በፉትቦል ሲመጡበት ግን እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ይነሳል። ጋረት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ አሰልጣኙ አንድ ጨዋታ ቢያሳርፈው ሎረን ሜዳ ድረስ ገብቶ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸበት። አሰልጣኙ መልስ አልሰጠም፤ ጋረትን ግን ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ አድርጎ አስቀመጠው። ዛሬም ያው ቢደገምስ? ዝም ብትልስ? ጋረት ሳይነግረው፣ ቅዳሜ ሎረን ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ መጥቶ ልጁን ሌላ ቦታ ላይ ሊያየው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይህኛው ግን የሚያድርበት ጊዜም አላገኘም።

ብሪታ እየሮጠች ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። «ዛሬ ክንዱን እያሳረፈ ነው፣ ወደ ቤት እንመለስ» ልትለው ነበር። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው ሄደች።

አባቷ ከመኪናው ወረደ። ጆሮውና አንገቱ ላይ የስንዴ ብናኝ አለ፤ ሸሚዙ ግን ንጹሕ ነው። ለልምምድ ብሎ፣ መኪና ውስጥ ቀይሮ ነው የመጣው።

«የት አለ ጀግናው? መወርወር ጀመረ?»

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። «አባዬ፣ ጋረት ከእንግዲህ አይወረውርም» አለችና የሰማችውን በሙሉ ነገረችው።

የሎረን ፊት ቀላ።

«ማን ነው የወሰነው?»

«አባዬ...»

«ማን ነው አልኩሽ!» ወደ ሜዳው በር አመራ። ብሪታ ተከትላ እጅጌውን ያዘች።

«እዚያ ከገባህ ይህንንም ቦታ ያጣል። እንደዚያን ጊዜው።»

«ያኔም ለእሱ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው ግን እሱ ነው።» እጅጌውን አልለቀቀችም። «አባዬ፣ የደበቀህ አሰልጣኙን ፈርቶ አይደለም። አንተን ፈርቶ ነው።»

ሎረን አያት። ከዚያ ዞሮ ወደ መቀመጫዎቹ ወጣ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ድንገት ቢነሳ ለመያዝ እንዲመቻት ተጠግታ።

በመጨረሻ «ዕድሜዬን ሙሉ ኳሷን ነው ስከተል የኖርኩት» አለ፣ እንዳፈረ ሰው። «አሁን ወዴት ነው የማየው?»

«ኳሷን ተዋት። ዘጠኝ ቁጥርን ብቻ እይ።»

ቀዩን የለበሰው ልጅ ኳሷን አሻግሮ ላካት። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደዚያው አዙሮ አጨበጨበ። ሁለቱ ግን ዓይናቸውን ከዘጠኝ ቁጥር አላነሱም። ጋረት እጥፉን ከሚያህል ልጅ ጋር ደረት ለደረት ተናንቆ፣ እግሩ ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ፊሽካው እስኪነፋ አላሳለፈውም። ከእነሱ በቀር ያየው ሰው የለም።

«እግሩን ሰፋ ማድረግ አለበት» አለ ሎረን።

ጋረት ቀና ሲል አያቸው። መጀመሪያ አባቱን፣ ቀጥሎ እሷን። እሷ ላይ ዓይኑ ቆየ።

ልምምዱ አብቅቶ ተጫዋቾቹ ሲበተኑ ጋረት ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሎ ቀጥታ ወደ አጥሩ መጣ። ሎረን የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላት።

«ሂጂ፣ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ። ራሴ ዓይቼ አወቅሁ እለዋለሁ።»

ብሪታ ቁልፉን አየችው። ተቀብሎ መሄድ ቀላል ነበር።

«አይ አባዬ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለችና ከእሱ ቀድማ ወደ አጥሩ ወረደች።